በተራ ወደ ባሕር

ጥር 9 ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተሻል? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ እግሬ ትንሽ ከማበጡ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የፖስታውን ማኅተም አይተሽ ግራ እንዳይገባሽ ቀድሜ ልንገርሽ፤ ይህን የምጽፍልሽ ከቤቴ አይደለም። ድንበር ተሻግሬ ባሕር አጠገብ ነኝ።

የመጣሁት ከሁለቱ ጎረቤቶቼ ጋር ነው። በደብዳቤ ታውቂያቸዋለሽ፤ ልብስ ሰፊውና መምህሩ። አሥራ አራት ዓመት አንድ ሕንፃ ውስጥ ስንኖር፣ ሦስታችን አብረን የሄድነው ሩቁ ቦታ ሆስፒታል ነበር፤ እሱም መምህሩ ሐሞቱን ሲያስወጣ። ልብስ ሰፊው ባለፈው ወር ስድሳ ዓመት ሞላው። በዚያ ዕለት ደረጃው ላይ አቁሞን፣ "የሰው ሱሪ ሳሳጥር ዕድሜዬም አብሮ አጠረ። ባሕር ሳላይ አልሞትም፤ ትመጣላችሁ ወይስ ብቻዬን ልሂድ?" አለን። ፊቱን ስናይ ቀልድ አልነበረም። ባቡር ተሳፈርን፤ ጉዞው አሥራ አንድ ቀን፣ አራት ከተማ ነው።

የሆቴሉ በር ላይ "የባሕር እይታ" የሚል ተጽፏል። ክፍላችን ሦስት አልጋና አንድ መስኮት አለው። መስኮቱን ስንከፍተው የጎረቤቱ ሕንፃ ግድግዳ አፍንጫችንን ሊነካ ምንም አልቀረው። መምህሩ ወርዶ እንግዳ ተቀባይዋን "ባሕሩ የታለ?" ቢላት፣ ሳትስቅ "ከግድግዳው ጀርባ ነው" አለችው። አሳንሰሩም ተበላሽቷል። አምስተኛ ፎቅ ድረስ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ በደረጃ ወጣሁ። ልብስ ሰፊው "ሙያህ አይደል፣ ምናለ ብታየው?" ሲለኝ፣ "አንተስ ያንን የተቀደደ መጋረጃ ለምን አትዘመዝመውም?" አልኩት። ሁላችንም የመጣነው ላለመሥራት ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ውሃው ወረድን። ልብስ ሰፊው ጫማውን አወለቀ፤ ካልሲውን እንደ ደንበኛ ዕቃ አጣጥፎ ጫማው ውስጥ ከተተ፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ገባ። ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሲደርስ ቆመና ግማሽ ሰዓት ያህል ጀርባውን ሰጠን። ሲመለስ "እንዴት ነው?" አልኩት። "ይቀዘቅዛል" አለኝ። እኔ አልገባሁም። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አየሁት። ለካ ዓይን ሥራ ሲያጣ ወዴት እንደሚያይ ይጠፋዋል።

እረፍቱን በድንገት ነው ያገኘሁት፤ እዚያ ድረስ ለመምጣት አይበቃም ነበር። የሚቀጥለው ዓመት ግን ቁርጥ ነው። እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 24 ቀን

ለውድ ወንድሜ፣

ጤናና ሰላም ካንተ አይራቅ። ደብዳቤህ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ደረሰኝ። እግርህን ጨው በገባበት ለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፈው።

በጥቅምት የጻፍክልኝንም አውጥቼ አነበብኩት። አለቃህ አንድ ቀን እንኳ እረፍት እንደማይሰጥህ ጽፈህልኝ ነበር። ልቡን ስላራራልህ ፈጣሪ ይመስገን።

ደብዳቤህን ለእማዬ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "ማነው የጻፈው?" አለች። "ልጅሽ" አልኳት። "ጥሩ ይጽፋል፤ እናቱ ደስ ይበላት" አለች።

እኔን በዚህ ወር "እመቤት" ነው የምትለኝ። በጠራራ ፀሐይ "እመቤት፣ መሽቷል፣ እባክሽ ወደ ቤቴ አድርሺኝ" ትለኛለች። ኮቷን አለብሳትና ደግፌ በሳሎን በር አስወጣታለሁ፤ ቤቱን ዞረን በጓዳ በር እንገባለን። "ደረስን" እላታለሁ። አንዳንድ ቀን ታምነኛለች። ማንኪያ ደግሞ ትራሷ ሥር ትደብቃለች፤ ትናንት ዘጠኝ አወጣሁ። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ፣ ከመታጠቢያ ወደ አልጋ፤ ቀኑ እንዲህ ነው የሚያልቀው። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት ተቀምጬ የሰው አቤቱታ ስተይብ እጄም ወገቤም ደክሞኝ አያውቅም ነበር። አሁን ለአንድ ደብዳቤ ስቀመጥ ወገቤ ቀድሞኝ ይጮኻል።

በዚያው በጥቅምቱ ደብዳቤ ስልኩን መልሼ እንድሰካው ጠይቀኸኛል። ሲጮህ እማዬ ትደነግጣለች። ደግሞም በስልክ ሁለታችንም ደህና ነን ከማለት ሌላ አናውቅም።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። የጽሕፈት ክፍል ጓደኞቼ፣ ረጅሟና ሳቂታዋ፣ በሚያዝያ ለሦስት ሳምንት ባሕር ወዳለበት አገር ለመሄድ ተመዝግበዋል። የኔንም ስም አስገብተውት ነበር፤ አስወጥቼዋለሁ።

ፎቶ ካነሳህ ላክልኝ፤ ባሕሩን ብቻ ሳይሆን ፊትህንም።

እህትህ


የካቲት 9 ቀን

ለውድ እትዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? እማዬ እንዴት አደረች? ከጉዞ ስመለስ ደብዳቤሽ ገና አልደረሰም ነበር፤ የመጣው ትናንት ነው፤ በበሩ ሥር ገብቶ አገኘሁት። ቁሜ አነበብኩት፤ ተቀምጬ ደገምኩት። ፎቶ አላነሳሁም። የተረፈውን ጉዞ ግን ልንገርሽ።

ሁለተኛው ከተማ ትልቅ ወደብ ነው። እዚያ ተጣላን። መምህሩ ደብተር ይዞ ነው የመጣው፤ በየሰዓቱ የምናየው ተጽፏል። ልብስ ሰፊው መተኛት ፈለገ። "ስድስት ሰዓት በባቡር ተጉዘህ ትራስ ልታይ ነው?" አለው መምህሩ። "አዎ፤ ያንተን ደብተር ከማይ ትራስ ይሻለኛል" አለው። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ጨው እንኳ በኔ በኩል ነበር የሚቀባበሉት።

ሦስተኛው ከተማ ላይ ልብስ ሰፊው ጠፋን። ከቁርስ በኋላ "ጋዜጣ ልግዛ" ብሎ ወጣ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የለም። ቋንቋውን አያውቅ፣ የሆቴሉን ስም አያስታውስ። መምህሩ ደብተሩን ጥሎ በየሱቁ እየገባ በእጁ የሰውዬውን ቁመት ያሳያል፤ ላቡ በጀርባው ይወርዳል። በመጨረሻ ጀልባ ሰው የሚያራግፍበት ድልድይ ላይ አገኘነው፤ ሣጥን ላይ ተቀምጧል።

"ጠፍተህ ነው?" አልኩት።

"አልጠፋሁም። ደክሞኝ ነው።" ከጀልባው የሚወርዱትን በአገጩ አሳየኝ። "ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ፊቴ ቆሞብኛል፤ አንዱ እጁን ዘርግቶ፣ አንዱ ሆዱን ስቦ። እነዚህ ሁሉ ሲወርዱ ከእኔ ምንም የሚፈልግ የለም። ትንሽ ልቀመጥ።"

መምህሩ ቁጣውን ትቶ ሌላ ሣጥን ሳበ። ሦስታችንም ተቀመጥን።

ያን ጊዜ ነው አንቺ ትዝ ያልሽኝ። ስለዚህ ዓይኔን በጨው አጥቤ ልናገር። አለቃዬ እረፍት ከልክሎኝ አያውቅም። አልጠየቅኩትም። የዛሬ አራት ዓመት ሦስት ሳምንት ልቆይ መጥቼ በስድስተኛው ቀን "ከሥራ ተጠራሁ" ብዬሽ የሄድኩትም ማንም ጠርቶኝ አልነበረም። እማዬ ሻንጣዬን አይታ "የኔ ልጅ፣ የማን እንግዳ ነህ?" ስትለኝ ወሽመጤ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤት መምጣት ባሰብኩ ቁጥር ያ ጥያቄ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ባሕሩ ማን ነህ አይልም። ለዚህ ነው እዚያ የሄድኩት።

ይቅርታሽን አልጠይቅም፤ እንድታውቂው ብቻ ነው።

ወንድምሽ


የካቲት 27 ቀን

ለውድ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። የፊደሉን መሳሳት አትታዘበኝ፤ በግራ እጄ ብቻ ነው የምተይበው።

የጻፍከውን ዐውቅ ነበር። ያን ጊዜ ከሥራ ተጠራሁ ባልከኝ ዕለት ስልካችን ከተቆረጠ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። በምን እንደጠሩህ አልጠየቅኩህም። ሸሚዞችህን ተኩሼ ሻንጣህ ውስጥ ከተትኩልህ።

ባለፈው ማክሰኞ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከእማዬ ጋር አብረን ወደቅን። እኔ ላይ ስለወደቀች እሷ ምንም አልሆነችም። የኔ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰንጥቆ በጀሶ ታስሯል። ጎረቤት ሰምቶ እስኪመጣ ወለሉ ላይ ተኝተን ፀጉሬን እየዳሰሰች "አይዞሽ፣ እናትሽ አሁን ትመጣለች" ትለኝ ነበር።

አሁን ጠዋትና ማታ የጎረቤታችን ምራት ታግዘኛለች። የራሷ ሁለት ሕፃናት አሏት፤ ስትመጣ ዓይኗ ሰዓቱ ላይ ነው። አልፈርድባትም።

ምንም ለምኜህ አላውቅም፤ አሁን እለምንሃለሁ። ገንዘብ አትጨምር፤ የምትልከው ይበቃናል። መድኃኒትም ዕቃም አትላክ። አንተ ራስህ ና። ስድስት ሳምንት። ረጅሟና ሳቂታዋ ሳይነግሩኝ ስሜን መልሰው አስገብተውታል፤ አሁን ግን አላስወጣውም። መምጣት ካልቻልክ "አልችልም" ብለህ ጻፍ፤ ስለ አለቃህ ግን አትጻፍልኝ።

እህትህ


መጋቢት 11 ቀን

ለውድ እትዬ፣

እጅሽን ፈጣሪ ይማርልሽ። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ፤ ዛሬ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። "ስድስት ሳምንት እፈልጋለሁ" አልኩት። መዝገብ ገልጦ አየና "ሰውዬ፣ በስምንት ዓመት ውስጥ የወሰድከው አሥራ ሰባት ቀን ነው፤ የአሁኑን ጨምሮ" አለኝ። እኔ በደብዳቤ ጨካኝ ያደረግኩት ሰውዬ ሻይ አዘዘልኝ።

መጋቢት 26 እገባለሁ። ልብስ ሰፊው ስለ መውደቃችሁ ስነግረው "የወገቧ ልክ ስንት ነው?" አለ። አላወቅኩም። ልጇ ሆኜ አላወቅኩም። "ግድ የለም፣ የሚሰፋና የሚጠብ አደርገዋለሁ" ብሎ ከወፍራም ሸራ ሰፊ ቀበቶ ሠራ፤ ግራና ቀኝ መያዣ አለው። ታጥቃ በመያዣው ታነሺያታለሽ፤ ብብቷን አያምማትም። መምህሩ ላይ ሞከርነው። መምህሩ ከሶፋው ሲነሳ "ደብተሬን አቀብሉኝ" አለ፤ ከጉዞው ወዲህ ልብስ ሰፊው ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ፈርቻለሁ። ግን እመጣለሁ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 7 ቀን

ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን አላችሁ? እማዬ በላች? አምስቱን ቀን አብረን በነበርንበት ጊዜ ያሳየሁህን እንዳትረሳ፤ ክኒኑን ፈጭተህ እንጂ እንዲሁ አትስጣት።

ከተማው ቁልቁለት ነው፤ መንገዱ ሁሉ ደረጃ፣ ከመስኮት ወደ መስኮት የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል። መርከብ ሲጮህ መስታወቱ ይርገበገባል፤ እኔም ዘልዬ እነሳለሁ፤ የጠራችኝ ይመስለኛል። ሦስታችን አንድ ክፍል ነን። የረጅሟ እግር ከአልጋው ወጥቶ ወንበር ላይ ነው የሚያድረው። ሳቂታዋ እሱንም አይታ ትስቃለች።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ተኛሁ። ውሸት አይደለም፤ ቁርስ በልቼ ተኛሁ፣ ምሳ በልቼ ተኛሁ። ረጅሟ "ይቺ ሴት ለመተኛት ነው ወይ ይሄን ሁሉ ቲኬት የቆረጠችው?" ስትል በእንቅልፌ መሃል ሰማኋት፤ ዞሬ ተኛሁ።

በአራተኛው ቀን ቁርስ ላይ፣ በልተን ስንጨርስ፣ ተነስቼ የእኛን ሳህን ሰበሰብኩ፤ ከዚያ የጎረቤቱን ጠረጴዛ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን። አስተናጋጁ መጥቶ ቀስ ብሎ ከእጄ ተቀበለኝና ወንበሬን ሳበልኝ። ሳቂታዋ አልሳቀችም።

ባሕሩን አየሁት። ትልቅ ነው። ሌላ ምን ይባላል?

እስከ ሚያዝያ 22 እንመለሳለን። መልስ ከጻፍክልኝ ከሥር ወዳለው አድራሻ ይሁን፤ የመጨረሻው ከተማ ማረፊያችን ነው።

እህትህ


ሚያዝያ 13 ቀን

ለውድ እትዬ፣

ሰላም ነሽ? እኛ አለን። እማዬ ትበላለች፤ ከእኔ ይበልጥ ትበላለች።

ግድግዳው ላይ የለጠፍሽልኝ ሰባት ገጽ መመሪያ በቃሌ ሆኗል። ገጽ ሦስት ላይ "ስታበጥራት ከኋላዋ አትቁም" ይላል፤ ለምን እንደሆነ አልጻፍሽም። አሁን ዐውቄዋለሁ፤ ግንባሬ ላይ የማበጠሪያው ምልክት አለ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሦስት ቀን አላስጠጋ አለችኝ። በሩ ላይ ብቅ ስል "ይሄን ሰውዬ አስወጡልኝ!" ብላ ትጮኻለች። የጎረቤታችን ምራት ናት ያጠበቻት፤ እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ ፎጣ አቀብል ነበር። ሻንጣዬ አልጋዬ ሥር ነው፤ አልዋሽሽም፣ ሁለት ጊዜ አየሁት።

በአራተኛው ቀን የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ልጠግን ተንበረከክሁ። እሷ ወንበሯ ላይ ሆና ታየኛለች። "የቧንቧ ሠራተኛው ነህ?" አለችኝ። "ልጅሽ ነኝ" የሚለው ምላሴ ላይ ነበር። ግን እንዴት እንደደከመኝ! "አዎ እናቴ፣ የቧንቧ ሠራተኛው ነኝ" አልኳት። ፊቷ በራ። "እንኳን መጣህ፤ ይሄ ቤት ሁለመናው ያፈሳል" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም ነን። በየቀኑ አንድ ነገር እፈታታለሁ፤ የሚበላሽ ሳጣ ደህናውን እፈታለሁ። የልብስ ሰፊውን ቀበቶ "የሥራ መሣሪያ ነው" ብዬ አስታጠቅኋት፤ ሳነሳት "ቀስ፣ ቧንቧውን እንዳትመታው" ትለኛለች። አራት ዓመት ሙሉ እንድታውቀኝ ፈልጌ ሸሸሁ። አሁን አታውቀኝም፣ ፀጉሯን ሳጥባት እሺ ትላለች፣ እጄን ይዛ ታወራኛለች። ብዙ ታወራኛለች። ሁሉንም መጻፍ አያስፈልግም።

ትከሻዬ አለቀ። የሁለት መቶ ኪሎ ሞተር የማነሳ ሰው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ወለሉ ላይ ተዘርግቼ ጣሪያ አያለሁ። እንዴት ቻልሽው?

ወንድምሽ


ሚያዝያ 21 ቀን

ለወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ይህን የምታደርስልህ ሳቂታዋ ናት። እኔ አብሬያቸው አልተሳፈርኩም። እንዳትደነግጥ፤ አልታመምኩም።

ደብዳቤህን አነበብኩት። መጻፍ አያስፈልግም ያልከውን ዐውቀዋለሁ። "ቤት ውስጥ አንዲት ሴት አለች፤ ትጮህብኛለች። ወንዱ ልጄ ቢኖር ኖሮ እንዲህ አታደርገኝም ነበር" ብላሃለች። አይደለም? ተጠንቅቀህ ስለዘለልከው ነው ያወቅኩት።

እውነቷን ነው። እጮህባታለሁ። ይህንንም ልንገርህ፤ ለማንም አልነገርኩም። በኅዳር አንድ ቀን፣ ሦስተኛ ጊዜ አንሶላ ቀይሬ ስጨርስ፣ አራተኛ ጊዜ አበላሸችው። እጄን አነሳሁባት። አላሳረፍኩትም፤ አየር ላይ ቀረ። እሷ ግን በክንዷ ፊቷን ሸፈነች። ልጆች ሆነን እኛን አንድም ቀን መትታን አታውቅም። እኔ ወጥቼ ጓዳ ውስጥ ቆምኩ። ስመለስ ረስታዋለች፤ "እመቤት፣ ደህና ዋልሽ" አለችኝ።

እንድትመጣ የለመንኩህ ለተሰነጠቀው እጄ መስሎህ ነበር። ላነሳሁት እጄ ነው። ያን ጊዜ ጽሕፈት መኪናው ላይ ተቀምጬ ይህን ልጽፍልህ ሞከርኩ፤ ጣቴ እምቢ አለኝ። መውደቄን ጻፍኩልህ።

አሁን ያለሁት ትንሽ የአሣ አጥማጆች ከተማ ውስጥ ነው፤ ከአሣ መሸጫ በላይ ያለች ክፍል ተከራይቻለሁ። አልጋ፣ ወንበርና መስኮት አላት። ረጅሟ ጣቢያው ላይ ክንዴን ይዛ "ምን ብዬ ልንገረው?" አለችኝ። "እኔ እጽፍለታለሁ" አልኳት። ፈቃድህ ግንቦት 8 ቀን እንደሚያልቅ ዐውቃለሁ። መቼ እንደምመጣ ግን አላውቅም። እናቴን አልጠላኋትም፤ የምፈራው ራሴን ነው። አትርገመኝ።

እህትህ


ሚያዝያ 24 ቀን

ለእትዬ፣

ይህን በፈጣን ፖስታ ነው የምልከው። በሩ ሲንኳኳ አንቺ ነሽ ብዬ በእርጥብ እጄ ሮጬ ከፈትኩ። ሳቂታዋ ፖስታ ይዛ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ከኋላዋ አንቺን ፈለግሁ። "አትፈልጋት፤ ይልቅ አንብበው" አለችኝ።

ልንገርሽ፣ ያን ቀን ቆሽቴ አረረ። ንጹሕ አንሶላ ድጋሚ አጠብኩ። "ጥላብኝ ሄደች" እያልኩ ለግድግዳው አወራሁ። ከዚያ የዛሬ አራት ዓመት እኔ ምን እንዳደረግኩ ትዝ አለኝና ግድግዳውንም አፈርኩት።

በማግስቱ እማዬ ክኒኑን ሦስት ጊዜ ፊቴ ላይ ተፋችው። በሦስተኛው ጮህኩባት። "ልጅሽ እኮ ነኝ! ልጅሽ!" አልኩ፤ ጎረቤት እስኪሰማ። ኩርምት አለችና ጣቷን ቀሰረችብኝ። "ቆይ፤ ልጄ ይምጣ፣ ያሳይሃል" አለችኝ። እትዬ፣ ምን ብዬ ልመልስላት? መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ስወጣ "የቧንቧ ሠራተኛው፣ ሻይ ጠጣህ?" አለችኝ።

እኔ ሁለተኛ ወር እንኳ አልደረስኩም፤ ገና በአራተኛው ሳምንት ነው የጮህኩት። አንቺ ስድስት ዓመት ብቻሽን ነበርሽ። እጅሽን አንስተሽ አየር ላይ ማስቀረትሽን እኔ ልፈርድበት አልችልም። ብቻሽን ትቼሽ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ እኔ እጄን ያላነሳሁት ሩቅ ስለነበርኩ ብቻ ነው።

ለአለቃዬ ጽፌያለሁ። እስከ መስከረም ያለ ደመወዝ እንዲለቀኝ፣ ከዚያም ግማሹን ዓመት እዚያ፣ ግማሹን እዚህ እንድሆን። እምቢ ካለም እዚህም አሳንሰር ይበላሻል። ከእንግዲህ ተራ እንግባ፤ ስድስት ወር አንቺ፣ ስድስት ወር እኔ፤ የተራው ባለቤት ያልሆነውም ቢሆን ሲጠሩት ይምጣ።

ይህን የምጽፈው ቶሎ እንድትመለሺ አይደለም። ሳትጠግቢ አትነሺ።

ወንድምሽ


ግንቦት 1 ቀን

ለውድ ወንድሜ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ይህን እኔም በፈጣን ፖስታ ነው የምልከው። ደብዳቤህን አራት ጊዜ አነበብኩት። "ልጄ ያሳይሃል" ያለችህ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከታች ያለችው አሣ ሻጭ ደንግጣ ወደ መስኮቴ አንጋጠጠች።

ከሷ ጋር ተግባብተናል፤ በምልክትና በጥቂት ቃል። ትናንት ቢላዋዋን እየጠረገች ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጣቶቼን አየር ላይ እንደ ጽሕፈት መኪና አንቀሳቀስኩላት። ገባትና ራሷን ነቀነቀች። ክፍሌ ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው የታወቀኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲጠይቀኝ መልሴ "እናቴን አስታምማለሁ" ነበር። ትናንት ረሳሁት። እዚያው ቁጭ ባልኩበት እማዬ ናፈቀችኝ። ስትጠራኝ አይደለም፣ ስትታመም አይደለም፤ እንዲሁ፣ ሰው እናቱ እንደምትናፍቀው። ያ ስሜት የሞተብኝ መስሎኝ ነበር።

ተራ እንግባ ያልከው ይሁን። ግን ፍርድ ቤት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በወረቀት ይስፈርና ሁለታችንም እንፈርምበት። ስደክም "ደከመኝ" እልሃለሁ። አንተም ስትደክም አለቃ አትፈልግ። የጮህንበትን ቀን አንዳችን ለሌላችን እንንገር። አለቃህ እሺ አለም አላለም፣ እኔ ስመጣ ሻንጣህን አትሸክፍ፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሦስታችንም አንድ ቤት ውስጥ እንሁን።

ዓርብ ግንቦት 5 ቀን ስምንት ሰዓት ላይ በሚገባው አውቶብስ እመጣለሁ። እማዬን ትተህ ልትቀበለኝ አትውጣ፤ መንገዱን ዐውቀዋለሁ። ስገባ "ጉዞው እንዴት ነበር?" ብለህ አትጠይቀኝ፤ ሁለት ቀን መንገድ ላይ ነው የምሆነው፤ ጫማዬን አውልቄ በቀጥታ እተኛለሁ። እማዬ "ይቺ ሴትዮ ማናት?" ካለችህ እውነቱን ንገራት። "ልጅሽ ናት፤ ደክሟታል፤ ትተኛ" በላት።

እህትህ